ማዳበሪያው አልሠራም? መጀመሪያ ሥሩን እዩ፦ የደጋ ቀይ አፈር ችግርና መፍትሄ

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚደርሰኝ ፎቶ ተመሳሳይ ነው። ቢጫ ስንዴ፣ ከቁርጭምጭሚት ያላለፈ ገብስ፣ እዚህም እዚያም ሳስቶ የበቀለ ባቄላ። ከፎቶው ሥር «ምን ማዳበሪያ ልጨምር?» ተብሎ ተጽፏል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ምንም አትጨምሩ» ነው።

ዘሩ ደህና መሆኑን፣ ዝናቡ አለመቋረጡን፣ አረሙ በጊዜ መነቀሉን፣ ዋግ አለመግባቱን አይታችኋል ብዬ ልለፍ። እሱን ያላየ ሰው መጀመሪያ ማሳው ድረስ ሄዶ ይመለስ። እዚህ የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚቀረው፣ ከመሬት በታች ስላለው ጣጣ ነው። የማውቀው አገር የጎጃምና የአዊ ደጋ ስለሆነ ምሳሌዬም እሱ ነው። ወለጋም ሆነ ጉራጌ ዝናብ የማያጣው ቀይ አፈር ላይ የሚያርስ ሰው ግን ነገሩን ወዲያው ያውቀዋል።

ቅጠሉን ማንበብ

ተክል ለመኖር 17 ንጥረ ነገሮች ያስፈልጉታል። ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅንን ከአየርና ከውሃ ያገኛል። የቀሩትን 14 ከአፈር ይወስዳል።

ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። እጥረት ሲመጣ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ሰልፈር፣ ብረት፣ ዚንክ፣ ካልሲየምና ቦሮን ግን አንዴ ከተቀመጡበት ብዙም አይነሱም። እነሱ ሲጎድሉ የሚታመመው ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነው። ይህችን የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

- የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ተነስቶ በመሃል አጥንቱ በኩል ቢጫ ከሆነ፣ ናይትሮጅን ነው። ዩሪያውን ከፋፍላችሁ፣ መሬቱ እርጥብ ሲሆን ስጡ። ደረቅ አፈር ላይ በትናችሁ ፀሐይ ካገኘው ገንዘባችሁ በአየር ሄደ።
- የታችኛው ቅጠል ጠርዙ እንደተቃጠለ ከሆነ፣ ፖታሲየም ነው። «የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አይጎድለውም» ሲባል ኖሯል። ገለባው በየዓመቱ ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ በሚሄድበት ማሳ ላይ ይህን አባባል አትመኑ።
- ለጋው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከገረጣ፣ ሰልፈር ነው። ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ የሚጠቀም ሰው ላይ ብዙ አይታይም፤ 7 በመቶ ሰልፈር አለው።
- የበቆሎ ለጋ ቅጠል ላይ ሰፊ ነጭ መስመር ከወጣ፣ ዚንክ ነው።
- ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ካደላ፣ ፎስፈረስ ነው። ብርድ ብቻውን ይህን ሊያመጣ ስለሚችል ጥቂት ቀን ጠብቁ። ፎስፈረስ ሰጥታችሁም ሐምራዊው ካልለቀቀ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዋናው ወሬያችንም እሱ ነው።

ነሐሴ ላይ ቢጫ የሆነ ጥቁር አፈር

መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ከሆናችሁና ነሐሴ ላይ ማሳው ቢጫ ከሆነ ነገሩ ውሃ ነው። ይህ ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲያብጥ አየሩን ያስወጣዋል፤ ሥሩ ይታፈናል። ናይትሮጅኑንም አየር የለመዱ ሳይሆኑ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ቀይረው ያባክኑታል። ዩሪያ ብትጨምሩ እሱም ተከትሎ ይሄዳል። መፍትሄው ሰፊ መደብ አውጥቶ በመካከሉ ቦይ ማድረግ ነው። ቦዩ መውጫ ይኑረው። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። ካልሆነ የድሮውን ብልሃት ያዙ፤ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ዝሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለኮመጠጠ አፈር የሚበተነውን ኖራ መረሬ ላይ አትበትኑ። ብዙውን ጊዜ በቂ ካልሲየም አለው። ጎረቤት በተነ ብላችሁ አትበትኑ።

ላዩ ነጭ ሆኖ የደረቀ መሬት

በመስኖ የሚለማ ቆላ፣ በተለይ የአዋሽ ሸለቆ ዓይነት ከሆነ፣ ጨው ነው። ውሃ ማውጫ ቦይ ሳይኖር ውሃ መጨመር ያባብሰዋል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ዋናው በሽታ፦ የኮመጠጠ ቀይ አፈር

ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን አሲዳማነት ነክቶታል። እኔ ጋ ከሚመጣው ጥያቄ ደግሞ አብዛኛው ይኸው ነው። ምልክቱ እንዲህ ይመጣል።

ማዳበሪያ ትጨምራላችሁ፣ ምርት አይጨምርም። ይሄ አንደኛው ነው። ዓምና 1 ኩንታል አልበቃም ተብሎ ዘንድሮ 2 ይገባል። ከርሞ ብድር ይገባል። አንድ ሰው ማሳው ውስጥ ሆኜ «ይሄ መሬት ማዳበሪያ ይበላል» አለኝ። እውነቱን ነው። ተክሉ ሳይቀምስ አፈሩ ይበላዋል፤ እንዴት እንደሚበላው ከታች እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛ፣ ሰብሎቹ በተራ ይጠፋሉ። ባቄላና ገብስ ቀድመው እጅ ይሰጣሉ፣ ስንዴ ይከተላል። ጤፍ ትንሽ ይታገሣል፤ ድንችና እንግዶ (የአጃ ዓይነት) ከዚያ በላይ ይታገሣሉ። ግብጦ ምንም አይመስለውም። ሰፈሩ በሙሉ ባቄላ ትቶ ወደ ግብጦ ከዞረ መሬቱ ቀድሞ ነግሯችኋል። በአዊ ፋግታ ለኮማ በኩል ደግሞ ብዙ ገበሬ እህሉን ጭራሽ ትቶ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሏል፤ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል። እዚያ አካባቢ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሰል የተከሰለበት ቦታ ላይ የሚበቅለው እህል ከዙሪያው ለይቶ የሚታይ ከሆነ፣ አመዱ ምን እንደጎደለ እያሳያችሁ ነው።

ሦስተኛው ሥሩ ነው። ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው።

ተክሉን በእጅ ጎትታችሁ አትንቀሉ። ሥሩ አፈር ውስጥ ይቀርና ግንዱን ይዛችሁ «ሥሩ ደህና ነው» ትላላችሁ። ዙሪያውን በዶማ ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። ጤነኛ የስንዴ ሥር ነጭና ቀጭን ነው፤ ጸጉሩ ብዙ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል። የታመመው አጭር፣ ወፍራምና ቡናማ ነው። ጫፉ ደንዝዟል፣ ቅርንጫፍ የለውም። ባቄላ ከሆነ ሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ ዕጢዎች በጥፍራችሁ ክፈቱ። ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅን እያበሰሉ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ከነጭራሹ ዕጢ ከሌለ ሥራው ቆሟል።

ፎቶ ስትልኩልኝ ቅጠሉን ብቻ አንስታችሁ አትላኩ። የታጠበ ሥር ላኩ። ስንቴ እንዳልኩት!

ምክንያቱ፦ ይህ አፈር ከየት መጣ?

የደጋችን አብዛኛው መሬት የተቀመጠው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ ላይ ነው። የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ባዛልት ሆነ። ባዛልት ውስጥ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት በብዛት፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ደግሞ በመጠኑ አሉ። ናይትሮጅን ግን አለቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እሱ የሚመጣው ከአየር ነው፤ ባክቴሪያ ይይዘዋል፣ የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ያከማቸዋል።

አለቱ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ሥር ይገባል። የዝናብ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ስለሚሆን ማዕድኑን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። በሺህ ዓመታት ውስጥ ድንጋዩ ጭቃ ይሆናል። አንድ ጣት የማይሞላ ውፍረት ያለው አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈልጋል። አንድ ክረምት በጎርፍ ሲወስደው ግን ማንም አያዝንለትም።

በ1941 እ.ኤ.አ. ሃንስ ጄኒ የተባለ የአፈር ሳይንቲስት አፈርን የሚሠሩት 5 ነገሮች ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር፦ የአየር ንብረት፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ የመሬቱ አቀማመጥ፣ መነሻው አለትና ጊዜ። የእኛን ደጋ ላየ ሰው ይህ ግልጽ ነው። ያው አንድ ባዛልት ሜዳው ላይ መረሬ ይሆናል፣ ተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር ይሆናል። ምክንያቱ ውሃው ነው። ተዳፋቱ ላይ የወረደው ዝናብ ሰርጎ ሲሄድ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን ይዞ ይሄዳል። ከፊሉ ሜዳው ላይ ይጠራቀማል፣ ከፊሉ ወንዝ ይገባል። የማይሟሙት ብረትና አሉሚኒየም ባሉበት ይቀራሉ። ብረቱ ይዝጋል። ያ ቀይ ቀለም ዝገት ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንመለስ። የጭቃው ቅንጣት ዙሪያውን አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት አለው፤ ካልሲየምና መሰሎቹ እዚያ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ ሥሩም ከዚያ ይወስዳቸዋል። እነሱ ታጥበው ሲያልቁ ቦታቸውን ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይይዙታል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ በአፈሩ ውሃ ውስጥ መሟሟት ይጀምራል። የተሟሟ አሉሚኒየም ለሥር ጫፍ መርዝ ነው። ሥሩ ማደግ ያቆማል። አጭር ሥር ያለው ተክል ደግሞ ጥቂት ቀን ዝናብ ሲጠፋ ይጠወልጋል፤ ሰውም «ድርቅ መታው» ይላል።

ማዳበሪያው የሚበላውም እዚህ ላይ ነው። ከጆንያው የወጣው ፎስፈረስ አፈሩን ሲነካ ብረቱና አሉሚኒየሙ ይይዙታል። ከያዙት ተክሉ በቀላሉ አያገኘውም። የባቄላ ባክቴሪያዎች የሚፈልጉት ሞሊብዲነም የሚባል ንጥረ ነገርም ኮምጣጣ አፈር ውስጥ ይቆለፋል። ስለዚህ ሰልፍ ሆነው ይመጣሉ፦ ፎስፈረስ የለም፣ ናይትሮጅን የለም፣ ካልሲየም የለም፣ ሥር የለም። በአንድ ማዳበሪያ የምታስተካክሉት ነገር አይደለም።

ተፈጥሮ በሺህ ዓመት የጀመረችውን እኛ እናፋጥነዋለን። እህሉን እንወስዳለን፣ ገለባውን እንወስዳለን፣ ኩበቱን እናነድዳለን። እያንዳንዱ ጭነት ካልሲየምና ፖታሲየም ይዞ ይወጣል። ዩሪያም አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይተዋል። በተለመደው ስሌት 1 ኩንታል ዩሪያ የሚያመጣውን አሲድ ለማርገብ ከ80 ኪሎ በላይ ኖራ ይጠይቃል። ይህን ስል ዩሪያ አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም። ሒሳቡን እወቁ ማለቴ ነው።

መለካት

ከገበያ የሚገዛ ባለ ሁለት ሹል ብረት፣ ባትሪ እንኳ የሌለው፣ መርፌው የሚወዛወዝ የፒኤች መለኪያ አለ። ጣሉት። መኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ አንዱን ስትሰኩ 7 ይላል፤ ሌላ ቦታ ብትሰኩትም 7 ይላል። ውሃ ውስጥ ብትነክሩትም 7 ይላል። በእሱ ተማምኖ ኖራ የተወ ሰው አውቃለሁ።

አፈሩን ላቦራቶሪ ላኩ። ግን አወሳሰዱ ካልተስተካከለ ላቦራቶሪውን አትክሰሱ። ማሳውን ዚግዛግ እየሄዳችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ እኩል እኩል ውሰዱ። ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ደባልቁት፤ ከእሱ 1 ኪሎ ያህል ያዙ። ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያ ውስጥ አታድርጉት! አመድ የተደፋበት፣ ከብት ያደረበት፣ የድሮ ኩይሳ የነበረበት፣ ዛፍ ሥር ያለ ቦታ ይለፋችሁ።

አንዴ ውጤቱ 6.8 የሆነ ማሳ ላይ ተጠራሁ። እህሉ እየሞተ ነው፣ ወረቀቱ ጤነኛ ይላል። አፈሩን የወሰደው ልጅ ዝናብ ስለጀመረው ከበረቱ አጥር ሥር ዝቆ ነበር። የበረቱ ጤና ነው የተመረመረው። እንደገና ተወስዶ ሲመጣ 4.7 ሆነ። ፒኤች ላይ በ1 ቁጥር መውረድ አሲዱ 10 እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ በ2 ከወረደ 100 እጥፍ። «ትንሽ ነው ልዩነቱ» የሚባል ነገር የለም።

ላቦራቶሪው ፒኤች ብቻ እንዳይሰጣችሁ። የሚለዋወጥ አሲድ የሚባለውን፣ ማለትም ጭቃው ላይ የተጣበቀውን ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም፣ መጠንም ጠይቁ። የኖራው መጠን የሚሰላው ከእሱ ነው። ለምሳሌ ያ ቁጥር 2 ቢሆን፣ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የአንድ ሄክታር አፈር 1,800 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ አሲዱን ብቻ ለማርገብ 1,800 ኪሎ ንጹሕ ኖራ ይፈልጋል። እንደ ባቄላና ገብስ ላሉ ስስ ሰብሎች አንድ ተኩል እጥፍ ይደረጋል፤ 2,700 ኪሎ ማለት ነው። በጥማድ (ሩብ ሄክታር) ሲሆን ወደ 7 ኩንታል ይጠጋል። የእናንተ ቁጥር ግን የእናንተ ነው። ይህን ቀድታችሁ አትበትኑ።

መፍትሄው፦ ኖራ፣ ግን በወጉ

የሚገርመው መድኃኒቱ ከበሽታው ሥር ተኝቷል። አባይ በረሃን ወደ ደጀን ስትወጡ ገደሉን እዩት። ባዛልቱ ከላይ ነው፣ ከእሱ በታች የኖራ ድንጋይ አለ። ባሕር አገሩን ሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተጠራቀመ ዝቃጭ ነው። ያ ድንጋይ ሲፈጭ የግብርና ኖራ ይሆናል። ካልሲየሙ ጭቃው ላይ ያለውን ቦታውን መልሶ ይይዛል፣ ካርቦኔቱ አሲዱን ያረግባል፣ አሉሚኒየሙም ከውሃው ወጥቶ ይዘቅጣል።

መጀመሪያ የያዛችሁት ነገር ኖራ መሆኑን አረጋግጡ። ጀሶ ኖራ አይደለም። ካልሲየም አለው፣ ነጭ ነው፣ ግን ፒኤች ከፍ አያደርግም። በሁለቱ መካከል የተምታታ ብዙ ሰው አለ፤ ሆን ብሎ የሚያምታታ ነጋዴም አለ። መለያው ቀላል ነው። ማንኪያ ሙሉ ዱቄት ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ፍልቅልቅ ይላል። ጀሶ ዝም ይላል።

ቀጥሎ ልመቱን እዩ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ጆንያው ላይ የግብርና ኖራ ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ጠጠር ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጠጠር አፈር ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲሠራላችሁ ከፈለጋችሁ ከ0.25 ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆን አለበት፤ በጣት ስታሹት እንደ ዱቄት መሆን አለበት ማለት ነው። አንድ እፍኝ በዱቄት ወንፊት ንፉት። ግማሹ ወንፊቱ ላይ ከቀረ ግማሽ ገንዘባችሁም እዚያው ቀረ። እርጥብ ጆንያም አትቀበሉ። በኩንታል የከፈላችሁት ለውሃ ነው።

የተቃጠለው ኖራና እሱ በውሃ ሲበርድ የሚገኘው ኖራም ይሠራሉ። እንዲያውም ፈጣንና ጠንካራ ስለሆነ መጠኑ ያንሳል። ግን እጅና ዓይን ያቃጥላል። ላብ ያለበት ገላ ላይ ሲያርፍ ይፋጃል። ሕፃን አታስይዙ። የትኛውንም ዓይነት ኖራ ስትበትኑ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍኑ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታሹ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጊዜው ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር በፊት ነው፤ ሁለት ቢሆን ይሻላል። አፈሩ ትንሽ እርጥበት ሲኖረው በትናችሁ እረሱት፣ ደግማችሁ በመስቀለኛ እረሱት። ኖራ ከቦታው አይንቀሳቀስም። የደረሰበትን ብቻ ነው የሚያክመው። ላይ ላዩን ከተዋችሁት ላዩን ብቻ ያክማል፣ ሥሩ ግን የሚሄደው ወደ ታች ነው።

አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይሄ ነጭ ዱቄት ከእኔ መሬት ጋር አልተስማማም» አሉኝ።

«አባ፣ መቼ ነበር የበተኑት?»

«ዘሩን የዘራሁ ዕለት። ዩሪያውንም አብሬ ጨረስኩት፣ አንዴ ከደከምኩ አይቀር ብዬ።»

ኖራው ለመሥራት ጊዜ አላገኘም። ይባስ ብሎ ዩሪያና ኖራ አንድ ላይ ላይ ላዩን ሲቀመጡ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። የሚሸተተው ሽታ ገንዘብ ነው። ዩሪያን፣ ትኩስ ፍግንና ኖራን በአንድ ቀን አታገናኙ። እኚሁ አዛውንት በማግስቱ ዓመት ምንም አዲስ ኖራ ሳይጨምሩ ባቄላቸው ተነሳ። ዓምና የበተኑት ያኔ ነበር የደረሰው።

ሌላ ማሳ ላይ ደግሞ ስንዴው በክብ በክብ ቆሞ አየሁ። ባለቤቱ «አፈሩ እዚህ እዚህ ጋ ጥሩ ነው» አለኝ። አህያዋ ጭነቷን ያራገፈችባቸው ቦታዎች ናቸው። ኖራው በአካፋ ሳይበተን ከነክምሩ ታረሰ። የክቡ መሃል ገርጥቷል፣ ጠርዙ አረንጓዴ ነው፣ ውጪው ቢጫ ነው። መሃሉ ላይ በዝቷል፣ ውጪው ላይ አልደረሰም። ማሳውን በገመድ ከፋፍላችሁ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የሚደርሰውን ቀድማችሁ መዝኑ። ግማሹን ወደዚህ እየሄዳችሁ፣ ግማሹን አቋርጣችሁ በትኑ።

ሲበዛም ጥሩ እንዳይመስላችሁ። ግባችሁ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ከዚያ አልፋችሁ ከገፋችሁት ዚንክ፣ ብረትና ማንጋኒዝ ይቆለፋሉ፤ አንዱን በሽታ በሌላ ለወጣችሁ።

አንድ ቀበሌ ደግሞ ኖራው የደረሰው እህሉ ከበቀለ በኋላ ነው። መንገድ ዳር ተራገፈ። ሸራ የሚባል አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ዘነበበት፣ ጠጠረ፣ ልጆች ተንሸራተቱበት። የተረፈው የግድግዳ መለሰኛ ሆነ። ሪፖርቱ ላይ «ተሰራጭቷል» ተብሎ ተጻፈ። ኖራ የበጋ ሥራ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት መንገዱ ሳይጨቀይ ማምጣት፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ መደርደር፣ መሸፈን።

በወጉ የተበተነ ኖራ አምስት ዓመት አካባቢ ያገለግላል። ኤንፒኤሱን አታቁሙ። ኖራ ማዳበሪያ አይደለም፤ የተቆለፈውን ይከፍታል እንጂ ናይትሮጅን አይሰጥም። ከተቻለ ብስባሽ ጨምሩበት። ብስባሽ አሉሚኒየሙን ስለሚይዝ የኖራውን ሥራ ያግዛል።

ሙሉው ካልተቻለ

7 ኩንታል ለአንድ ጥማድ መሸከም ቀልድ አይደለም። ድንጋይ ነው፣ ከባድ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ሙሉውን ያልቻለ ሰው ከሚፈለገው ሩብ ያህሉን በየዓመቱ በመስመር ውስጥ ይጨምር፤ ሥሩ የሚያልፍበትን ቀጭን መስመር ያክማል። ዘሩን በቀጥታ አያስነካው፣ በአፈር ይለየው። ማዳበሪያውንም አትበትኑ፣ በመስመር አድርጉ፤ የሚነካው አፈር ሲያንስ የሚቆለፈውም ያንሳል።

የእንጨት አመድ ለጓሮ ጎመንና ለድንች በጣም ጥሩ ነው። ለሄክታር ግን ምድጃችሁ አይበቃም። በሰሜን ሸዋ ደጋ የድሮ ሰዎች አፈር ከምረው ያቃጥሉና ገብስ ይዘሩበት ነበር። ለአንድ ሁለት ዓመት ይሠራል፣ ከዚያ ብስባሹ ተቃጥሎ ስላለቀ መሬቱ ለዓመታት ጦም ያድራል። አትሞክሩት።

ቁጥቋጦ ተክላችሁ ከነበረ ወይም ዲከረንሱን ነቅላችሁ ወደ እህል እየተመለሳችሁ ከሆነ፣ እንደገና ሳትለኩ ኖራ አታዙ። የከሰሉ ቦታና ቀሪው ማሳ የተለያዩ ናቸው፤ ለየብቻ ናሙና ውሰዱ።

አንዳንዴ የሚያጋጥሙ

ሥሩ ነጭና ጤነኛ ሆኖ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ ጎን ከታጠፈ አሲድ አይደለም። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ሲታረስ የጠጠረ ንብርብር አለ። በደረቅ ጊዜ ጠለቅ አድርጋችሁ ስበሩት።

ገለባ አርሳችሁ ከቀበራችሁ በኋላ ማሳው ቢጫ ከሆነ፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ወስደውት ነው። ትንሽ ዩሪያ ስጡና ታገሡ።

የባቄላው ቅጠል ተጠማዝዞ፣ ግንዱ ተጣምሞ፣ ሥሩ ግን ደህና ከሆነ አፈሩን አትንኩት። ጎረቤት ስንዴው ላይ የረጨው ፀረ አረም በነፋስ መጥቶ ነው።